መጥኖ መደቆስ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ስንት ብር እንበደር?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወለንጪቲን አቋርጦ የሚያልፈው የአዳማ–መተሐራ አስፋልት እንደ ወትሮው ወደ ጅቡቲ በሚወርዱና ከጅቡቲ በሚመለሱ ከባድ መኪኖች ተጨናንቋል። እኛ ግን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው የወላጆቼ ግቢ፣ ቡናው ከቀረበበት ረከቦት አጠገብ፣ በአንዲት ወረቀት ዙሪያ ተቀምጠናል። ወረቀቷን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቃ አዳማ በሚገኝ የግል ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ያን ሰሞን የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተናውን አልፋ የምዝገባውን ቀን እየጠበቀች ነበር።

ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ከ30,000 ብር በላይ ዕዳ ነው። "የኮስት ሼሪንግ ነው" አለች እህቴ ቀስ ብላ። "ይህን ሳልከፍል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክልኝም ተባልኩ።"

አባዬ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። "ምግብ" የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። "ምግቡንማ እኔ አይደለሁ እንዴ የላክሁት?"

እውነታቸውን ነው። ጤፍና ቦሎቄ ሸጠው በየወሩ ገንዘብ ልከዋል። እማዬም በሶውን፣ ቆሎውንና ጭኮውን ቋጥረው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አስይዘዋል። እህቴ ግን አራቱንም ዓመት በዩኒቨርሲቲው ካፌ መዝገብ ላይ ነበረች። ከቤት የሚላከው ተጨማሪ ነበር እንጂ የካፌውን ሂሳብ የሚተካ አልነበረም። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ቅጽ ሞልታ ፈርማለች። ድምሩ ስንት እንደሆነ ግን እሷም አልጠየቀችም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይመስለኝም። ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ ስንልክ ስለ ትምህርት ክፍሉ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ጓደኛው እንጨነቃለን። "ትምህርት ቤቱ ስንት ብር ዕዳ እያስመዘገበበት ነው? እንዴትስ አሰላው?" ብለን አንጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው ልጁ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ሲያቀና ነው። ያኔ ደግሞ ሁለት ስሌት በአንድ ጊዜ ይደርስብናል፦ ያለፈው ዕዳና የሚመጣው ወጪ። ሁለቱንም በቅድሚያ ማስላት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚሰላ አብረን እንይ።

ዩኒቨርሲቲው ዕዳውን እንዴት ያሰላል?

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለረጅም ዘመን በነጻ ነበር፤ ምግቡም ማደሪያውም ጭምር። ይህ የተለወጠው በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ሲጀመር ነው። መሠረቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲሆን በኋላ በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተክቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንግሥት ወጪውን አሁን ይሸፍናል፤ ተማሪው ድርሻውን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ይከፍላል። ስሙ "ብድር" ባይባልም፣ በተግባር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የተሰጠ ብድር ነው።

የተማሪው ድርሻ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የምግብ ወጪ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይታሰባል። ሁለተኛው የማደሪያ ወጪ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ ይታሰባል። ሦስተኛው የትምህርቱ ወጪ ሲሆን ከዚህ ተማሪው የሚጋራው ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። ቀሪው የመንግሥት ድርሻ ነው።

በምሳሌ እንየው። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቁጥር አለው። የምግብ ወጪው በቀን 20 ብር ቢሆንና ተማሪው በዓመት 300 ቀን ቢመገብ 6,000 ብር ይመጣል። ማደሪያው በዓመት 600 ብር ይሁን። የትምህርቱ ወጪ በዓመት 12,000 ብር ቢሆን 15 በመቶው 1,800 ብር ነው። የሦስቱ ድምር 8,400 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት 33,600 ብር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በምሳሌው ትልቁን ድርሻ የያዘው ትምህርቱ ሳይሆን ምግቡ ነው። ከ8,400 ብሩ 6,000 ብር የምግብ ነው። ስለዚህ ልጁ ቤት እያደረ የሚማር፣ ቤት የሚመገብም ከሆነ ዕዳው በእጅጉ ያንሳል። ወለንጪቲ፣ ወንጂ ወይም ሞጆ ተቀምጦ አዳማ ለሚማር ልጅ ይህ በቤተሰብ ተቀምጦ መነጋገር የሚያስፈልገው ምርጫ ነው። የየቀኑ ትራንስፖርት ከምግቡና ከማደሪያው ይበልጣል? የመንገዱ ድካምስ ጥናቱን ይጎዳል? መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። ሳይጠይቁ መፈረም ግን የማንም ቤት መልስ ሊሆን አይገባም።

አንድ የተለመደ ስህተትም አለ። "ነን ካፌ" ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በእጁ የሚቀበል ተማሪ የምግብ ዕዳ የሌለበት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ገንዘቡን ከዩኒቨርሲቲው እስከተቀበለ ድረስ ያው ምግብ ነው፤ ይታሰብበታል። የማይታሰብበት አገልግሎቱንም ገንዘቡንም ያልወሰደ ተማሪ ነው።

በማታ፣ በክረምት ወይም በርቀት የሚማር ደግሞ በዚህ ሥርዓት ውስጥ አይገባም። ክፍያውን በየጊዜው ራሱ ስለሚሸፍን ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው የወጪ መጋራት ዕዳ የለም። መምህር ለሚሆኑ ምሩቃንም ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚከፍሉበት አሠራር አለ።

ዕዳው ለምን ዘግይቶ ይታያል?

አከፋፈሉ በደመወዝ በኩል ነው። ምሩቁ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ገቢ ይሆናል። ቆርጦ የማስገባት ኃላፊነቱም የአሠሪው ነው። በምሳሌያችን 33,600 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 12,000 ብር ደመወዝ ቢያገኝ በወር 1,200 ብር እየተቆረጠበት በ28 ወር ይጨርሳል። ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ ደግሞ በወር 800 ብር እየከፈለ 42 ወር ይፈጅበታል። ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ሳይቆረጥ ሲቀር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠሩ ከትምህርት ማስረጃው ጋር የወጪ መጋራት ሰነዱ ስለሚጠየቅ ቆረጣው ቶሎ ይጀመራል። በግል ድርጅቶች ግን አንዳንዱ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም። ካልተጠየቀ ምሩቁም ዝም ይላል። እህቴ እንደዚያ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ ደመወዟን ሳይጎድል ስትቀበል ዕዳው እንዳለ ቁጭ ብሎ ነበር።

አይረሳም ግን። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምሩቁ በመጀመሪያ የሚሰጡት ጊዜያዊ ማስረጃ ወይም "ቴምፖራሪ" ነው። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ወደ ሌላ ተቋም እንዲላክ ለማድረግ የወጪ መጋራት ዕዳውን ስለመክፈል ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ለሥራ ፍለጋ ቴምፖራሪውና "ስቱደንት ኮፒው" ሊበቃ ይችላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱ ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ እንዲደርሰው ይፈልጋል። በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ወደ ውጭ ወጥቶ ማስረጃውን ለማስገምገም የሚፈልግም እዚያው በር ላይ ይቆማል።

የእህቴ ነገር የከበደው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለማለፍ ወራት ሙሉ ከሥራ በኋላ አንብባለች። ለመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሆን ገንዘብም አጠራቅማለች። ለምዝገባው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የቆየው ዕዳ የመጣው። አባዬ ለበዓል ገበያ ያቆዩትን ጤፍ አሁኑኑ እንሽጥ አሉ። እሷ አልተስማማችም። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የምትጥለው ዕቁብ ስለነበራት፣ ሰብሳቢውን አስፈቅዳ ተራዋን ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ተለዋወጠች። በዕቁቡ ገንዘብ ዕዳውን አንድ ጊዜ ከፈለች። ደረሰኙን ይዛ ማረጋገጫውን እስክታገኝ፣ ማረጋገጫውን ይዛ ዩኒቨርሲቲዋ ሬጅስትራር ደርሳ ትራንስክሪፕቱ እስኪላክ ግን ምዝገባው አለፈ። ያን ዓመት ሳትገባ ቀረች።

ስትደውልልኝ አላለቀሰችም። "ገንዘቡ ኖሮኝ ነው የቀረሁት" ብቻ አለችኝ። ከዕዳው ይልቅ ያንገበገባት ይህ ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪስ ማን ያሰላልናል?

የወጪ መጋራቱ ሥርዓት የተዘረጋው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ መንገዱ ይለያያል። መሥሪያ ቤታቸው ከፍሎ የሚያስተምራቸው አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማሉ። በግሉ የሚማር ደግሞ በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ የሚመጣበትን ሂሳብ በየሴሚስተሩ ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲው የሚነግረው የራሱን ክፍያ ብቻ ነው። "ለዚህ ትምህርት በጠቅላላ ይህን ያህል ያስፈልግሃል፣ ከዚህ ውስጥ መበደር ያለብህ ይህን ያህል ነው" የሚል ቢሮ የለም።

በአሜሪካ ግን ይህን የሚያሰላ ቢሮ በየዩኒቨርሲቲው አለ። እዚያ ዘመድ ያለው አንባቢ "ትምህርት ቤቱ ብድር ሰጠኝ" ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ገንዘቡ ለአብዛኛው ተማሪ የሚመጣው ከፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የሚያሰላውና የሚያከፋፍለው የዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ነው። ይህ ብድር ለዜጎችና እንደ ግሪን ካርድ ያለ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ላላቸው እንጂ በተማሪ ቪዛ ለሄደ ሰው አይሰጥም። የሚያመለክቱትም "ፋፍሳ" በተባለው ቅጽ ነው። እኛን የሚጠቅመን ግን የስሌቱ መንገድ ነው።

ቢሮው መጀመሪያ የመማሪያውን ጠቅላላ ወጪ ይተምናል። እዚህ ውስጥ የሚገባው ክፍያው ብቻ አይደለም። ምግብና ቤት፣ መጻሕፍት፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ የግል ወጪዎችም ይደመራሉ። ከዚያ ድምር ላይ ተማሪው ያገኘው ስኮላርሺፕና ሌላ እርዳታ ሁሉ ይቀነሳል። የቀረው ጉድለት ነው። የፌዴራል ብድር ከጉድለቱ ሊበልጥ አይችልም።

በዚያ ላይ የሕግ ጣሪያ አለ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ መደበኛው የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ቀደም ሲል ከዚህ የሚተርፈውን ጉድለት በሙሉ የሚሸፍን "ግራድ ፕላስ" የሚባል ተጨማሪ ብድር ነበር። በ2025 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህን ብድር አስቀርቶታል። በአዲሱ ሕግ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪ ጠቅላላ ጣሪያው 100,000 ዶላር ሆኗል። እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉ የሙያ ትምህርቶች ደግሞ በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። በቅርቡ ግሪን ካርድ ይዞ የሄደ ልጅ ወይም እህት ካለዎት ይህን ለውጥ ይንገሯቸው። "እንደ እገሌ ሁሉን በብድር እማራለሁ" የሚለው እቅድ ከእንግዲህ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው ቁጥር መበደር የሚቻለው ከፍተኛው ነው እንጂ መበደር ያለብዎ መጠን አይደለም። ተማሪው ከተፈቀደለት ያነሰ መውሰድ ይችላል። በድኅረ ምረቃ ብድር ላይ ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ጊዜ አንሥቶ፣ ገና እየተማረ ሳለ በመሆኑ ያነሰ መውሰድ ትርፍ አለው።

የእህቴ ደብተር

እህቴ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ስትዘጋጅ እሑድ ወለንጪቲ ተገናኝተን አብረን ተቀመጥን። እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ በሥራዬም የበጀት ሰንጠረዥ ስሠራ ነው የምውለው። ለእህቴ ግን ያን ቀን ድረስ አንድም ሰንጠረዥ አልሠራሁላትም ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ቢሮ ሥራ እኛው እንሥራው ተባባልንና ደብተር አወጣን።

መጀመሪያ የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ጻፍን። ለትምህርቱ ክፍያ 40,000 ብር። ለምዝገባ፣ ለኮፒና ለኢንተርኔት 6,000 ብር። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ከወለንጪቲ አዳማ ደርሶ መልስ ከነባጃጁ በቀን 100 ብር ያዝን፤ በ80 ቀን 8,000 ብር። ለእነዚያው ቀናት ምሳና ሻይ በቀን 150 ብር፤ 12,000 ብር። ድምሩ 66,000 ብር ሆነ።

እህቴ ደነገጠች። እስከዚያ ቀን በሐሳቧ የያዘችው 40,000 ብሩን ብቻ ነበር። ቀሪው 26,000 ብር በየሳምንቱ ከቦርሳዋ እየወጣ፣ በወር መጨረሻ "ደመወዜ የት ገባ?" የሚያሰኛት ወጪ ነው።

ቀጥለን በእጅ ያለውን ቀነስን። የራሷ ቁጠባ 20,000 ብር። አባዬ "ይህችን አልከለከልም" ያሉት 10,000 ብር። ደመወዟ 14,000 ብር ነው። ከቤት ወጪ በኋላ በወር 3,000 ብር ይተርፋታል። ከዚህ ላይ ግማሹን፣ 1,500 ብሩን፣ በየወሩ ለትምህርቱ መደበች። በዓመት 18,000 ብር ይሆናል። የሦስቱ ድምር 48,000 ብር ነው። ከ66,000 ብሩ ላይ ሲቀነስ የቀረው ጉድለት 18,000 ብር ነው።

የመሥሪያ ቤቷ የቁጠባና ብድር ማኅበር በቁጠባዋና በደመወዟ ልክ እስከ 60,000 ብር ሊያበድራት ፈቃደኛ ነበር። ጓደኞቿም "ሙሉውን ውሰጂ፣ የተረፈውን ላፕቶፕ ትገዢበታለሽ" ብለዋት ነበር። የተበደረችው 18,000 ብር ነው። ክፍያው ያቺን የቀረችውን ወርሃዊ 1,500 ብር እንዳያልፍ አድርገው ወለዱን ጨምረው ከዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ከፋፈሉላት።

የመመረቂያ ጽሑፉ ወጪ ለሁለተኛው ዓመት ብቻውን ተጽፎ ተቀምጧል። በየዓመቱ እንደገና ማስላት ይሻላል። ክፍያ ይጨምራል፤ ደመወዝም ሊያድግ ይችላል። የሁለት ዓመቱን በአንድ ጊዜ መበደር ማለት ገና ላልደረሰ ወጪ ዛሬ ወለድ መክፈል ነው።

ጣሪያዎ የት ነው?

ጉድለቱን ካወቁ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ "ልከፍለው እችላለሁ ወይ?" የሚለው ነው። ለዚህ የአገራችን ሕግ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። ሕጉ የወጣው ለአሠሪው ነው፤ ለቤተሰብ በጀትም ግን ይሠራል። የ14,000 ብር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ 4,666 ብር ገደማ ነው። የወጪ መጋራቱ 10 በመቶ ገና እየተቆረጠ ከሆነ 1,400 ብሩ ከዚያ ውስጥ ሄዷል። ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነም እሱን ይቀንሱ። ለአዲስ ብድር የቀረው ያኔ ይታያል። አንድ ሦስተኛው ደግሞ የመጨረሻው ድንበር ነው። ልጅ የሚያሳድግና የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ከዚያ ብዙ ዝቅ ብሎ ቢቆም ይሻለዋል።

ከየት እንበደር ለሚለውም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ መሥሪያ ቤትዎን ይጠይቁ። የትምህርት ክፍያ የሚጋራ ወይም ያለ ወለድ የደመወዝ ብድር የሚሰጥ አለ። ከመፈረምዎ በፊት ግን የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነና ቀድመው ቢለቁ ምን እንደሚመለስ ያንብቡ። ቀጥሎ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ የሚያበድርዎ በቁጠባዎ ልክ ስለሆነ ለትምህርት ካሰቡ ዛሬውኑ መቆጠብ መጀመር ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ተራው ከምዝገባው ጋር እንዲገጥም ግን ሲጀመር መነጋገር ያስፈልጋል። እህቴ የተለዋወጠችው ባልደረባዋ ቅን ሰው ሆና ነው፤ ሁሌ አይገኝም። የባንክ ብድር ሲሆን ወለዱን፣ የአገልግሎት ክፍያውን፣ የሚጠይቀውን ዋስ ወይም መያዣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋስ የሚሆንልዎ ሰውም ስንት እንደሚፈርም ይወቅ። "ብድር በምድር" የሚባለው ለውለታ ነው፤ በባንክ ዕዳ ዘመድን ማስያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለሁላችንም የሚሆን የቤት ሥራ

ልጅዎ አሁን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆነ በየዓመቱ የሚፈርመውን የወጪ መጋራት ቅጽ ኮፒ ያስመጡና ቤት ያስቀምጡ። ምግብና ማደሪያ ላይ የተጻፈው ከሚጠቀመው ጋር ይስማማ እንደሆነ ይዩ። ስህተት ካለ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እያለ ማስተካከል ከምረቃ በኋላ ከመሮጥ ይቀላል።

ተመርቆ በግል ድርጅት ከተቀጠረ የደመወዝ ወረቀቱን ተመልክተው የወጪ መጋራት ቆረጣ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ የሰው ኃይል ክፍሉን ሰነዱን ይዞ ራሱ ይጠይቅ። እየተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ለገቢዎች መድረሱን የሚያሳየውን ማስረጃ ይያዝ። መሥሪያ ቤት ሲለቅ ያ ማስረጃ ከሥራ ልምዱ ደብዳቤ እኩል አብሮት ይውጣ።

ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስብ ካለ ደግሞ ለመግቢያ ፈተናው ማንበብ በጀመረበት ወር የዕዳውን ጉዳይ ይጨርስ። ፈተናው እስኪታለፍ አይጠበቅም። ዕዳው ቢከፈልም ማረጋገጫው፣ ሬጅስትራሩና ትራንስክሪፕቱ የየራሳቸው ሳምንት አላቸው።

እህቴ ዛሬ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ናት። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ አዳማ ትገባለች፣ ማታ ትመለሳለች። ደብተሯ ላይ በየወሩ የከፈለችውን እየሰረዘች ነው። የጠፋችውን ዓመት ግን ማንም አይመልስላትም።

ባለፈው ወር ወለንጪቲ ስሄድ የመጨረሻው ወንድማችን የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ሊወስድ እየተዘጋጀ አገኘሁት። የት ዩኒቨርሲቲ እንደሚመኝ ሲያወራ አባዬ ዝም ብለው ቆዩና በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አሉት፦

"የትም ብትመደብ ደስ ይለኛል። በዓመቱ መጀመሪያ የምትፈርማትን ወረቀት ኮፒ ግን ይዘህልኝ ና።"